ቀሚስ እየተጨመቀ የሚዘፈንባት አገር

ትርንጎ ልጅ ሳለች፣ የፊት ጥርሷ ወልቆ ገና ሳይተካ፣ እንጨት ስሰብር አጠገቤ ቁጢጥ ብላ፣ «እማዬ፣ የእኛ ሰው ጥሩ ዘፈን ሲያምረው ወደ ማዶ ያያል። ማዶ ያሉትስ ሲያምራቸው ወዴት ነው የሚያዩት?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ ፊደል ቆጥሬ ጥቂት ከማንበብ በቀር ትምህርት አልገፋሁም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣብኝ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

«ወደ እነሱ ማዶ ይሆናል» አልኳት።

«ከእነሱ ማዶ ያሉትስ?»

«እነሱም ወደ ማዷቸው።»

«መጨረሻ ላይ ያለውስ?»

«መጨረሻ ላይ ያለው እንጨት ያቀብላል። በይ አቀብዪኝ።»

አቀበለችኝ። እኔም በዚህ ያለፈ መስሎኝ ነበር። ልጅቷ ግን ጥያቄውን ትታ አላደገችም፤ አብራው ነው ያደገችው። ለምን እንዲህ ያለ ጥያቄ እንደምትጠይቅ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ስለ አገራችን ልንገራችሁ።

አገራችን ትንሽ ናት። ትንሽ የምለው ለትሕትና አይደለም። በአንዱ ጫፍ ያስነጠሰውን በሌላው ጫፍ ያለው «ይማርህ» ይለዋል። በጋብቻ ያልተዛመድን በአበልጅ፣ በአበልጅ ያልተዛመድን በአጥር ተዛምደናል። ይህ ደግ ነገር ነው፤ ለቅሶ ሲደርስ ሰው አይጠፋም። ለዘፋኝ ግን መከራ ነው። ንፍጧን የጠረግክላት ልጅ ተነሥታ ብትዘፍን እንዴት ብለህ ታለቅሳለህ? ንፍጧ ነው ትዝ የሚልህ።

በመካከላችን አንድ ጉብታ አለ፤ የድምፅ ጉብታ እንለዋለን። አቀማመጡ ፈጣሪ ያዘጋጀው ነው፤ እዚያ ላይ በቀስታ የተዘፈነ ዘፈን አገሩን ሁሉ ያዳርሳል። ሌላ ቦታ መዝፈን አልተከለከለም። ግን ሌላ ቦታ የተዘፈነ እንዳልተዘፈነ ይቆጠራል። ሰርግ ላይ ብትዘፍን ዘመድ ነህና ግዴታህ ነው፤ አድናቆትም አይገባህም፤ ይልቁንስ የአክስትህን ስም ሳትጠራ ቀርተህ እንደሆነ ዓመቱን ሙሉ ትቀየምሃለች። በማግስቱም ዘፈንህን አገሩ ሁሉ ያንጎራጉረዋል፤ ማን አወጣው ቢባል «ድሮም የነበረ ነው» ይላል።

እና ጉብታው ላይ ለመውጣት ሕግ አለ። እንደሚወራው፣ በአንድ ንጉሥ ዘመን አንድ የማይታወቅ ሰው ወንዙን በእግሩ ተሻግሮ መጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ ነበር። ጉብታው ላይ ወጥቶ ዘፈነ፤ ሕዝቡ አለቀሰ። ንጉሡ መኳንንቱን ሰብስቦ፣ «ይህ ሰው እኛ የሌለን ምን ቢኖረው ነው?» አለ። መኳንንቱ መረመሩ። ድምፁ እንደ ማንም ሰው ድምፅ ነው። ክራሩም እንደ ማንም ክራር ነው። ከእኛ ሰው የሚለየው ሱሪው እርጥብ መሆኑ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የልብሱ ጫፍ ያልረጠበ ሰው ጉብታው ላይ እንዳይዘፍን ተደነገገ።

ሕግ ካለ ሹም አለ። የእኛ ሹም ሊቀ እርጥብ ይባላል። ከሥሩ ጨማቂ አለ፤ የዘፋኙን የልብስ ጫፍ በነጭ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ይጨምቃል። ከጨማቂው ቀጥሎ ቀማሽ አለ፤ የተጨመቀውን በጣቱ ነክቶ ይቀምስና የወንዝ ነው፣ የጉድጓድ ነው፣ ከጣሪያ የወረደ ነው ብሎ ይፈርዳል። በእውነት ወንዙን ተሻግሮ የሚመጣ ሰው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ዘፋኞቻችን በዓመት አንዴ በሚውለው የመስሚያ ቀን ማለዳ ወደ ወንዙ ይወርዱና ከእኛው ዳር ቆመው ልብሳቸውን ነክረው ይመለሳሉ። ይህን ሊቀ እርጥቡም ያውቃል፣ ጨማቂውም ያውቃል፣ ሕዝቡም ያውቃል። ሕጉ ግን እርጥብ ነው የሚለው እንጂ ተሻገረ አይልም።

ወንዛችን ብርዳም ነው። ዓመት ዓመት ሲነከሩ ዘፋኞቹ ጉንፋን አይለቃቸውም፤ ጉብታው ላይ የሚወጡት ድምፃቸው ሻክሮ ነው። እኛ ምን እንደምንል ታውቃላችሁ? ሻካራ ድምፅ የበሰለ ድምፅ ነው እንላለን። ጤነኛ ጉሮሮ ያለው ሰው ሲዘፍን ከሰማን አንገታችንን ነቅንቀን «ገና ጥሬ ነው» እንላለን። እኔም ብያለሁ፤ ስለ ዘፈን የማውቀው ነገር ሳይኖር እንዲህ ማለት ዐዋቂ ያስመስላል።

እንግዲህ ትርንጎ በዚህች አገር ዘፋኝ ልሁን አለች።

ጓሮ ተቀምጣ ክራሯን ስትነካካ ትውልና ማታ ማታ ታሰማኛለች። ያወጣችው ዘፈን ስለ ሩቅ ነገር አልነበረም። ስለ እኛ ሰፈር ነው፤ አመሻሽ ላይ ስለሚሰማው ድምፅ። ጎረቤታችን ስንዱ ዶሮዎቿን ለማስገባት በስም ትጠራቸዋለች፤ ስማቸውን ያወጣችው ከባሏ እህቶች ስም ነው፤ የጠላቻትን እህት ዶሮ ስትጠራ ድምፅዋ ይቀየራል። ያም ዘፈኑ ውስጥ አለ። ከወፍጮው ሥር ያለችው ቦይ መንገዱን ስለምትቆርጠው አላፊው ሁሉ እዚያ ሲደርስ ይዘላል፤ ያም አለ።

ከቦይዋ አፋፍ ላይ ሰው ሁሉ ይዘላል፣
ማዶ ላይ ሲደርስም እፎይ እፎይ ይላል።

ሌላው ጎረቤታችን ይልቃል ሰው ቤት ሲመጣ አይጣራም፤ ከአጥሩ ጥግ ቆሞ ይስላል። እሱም አልቀረም።

ከአጥር ጥግ ይስላል፣ መጣሁ ማለቱ ነው፣
ሳሉ የጠፋ ለት ሰፈር የሚጨንቀው።

ስሰማው ወደድኩት። ለትርንጎ ግን የነገርኳት ሌላ ነው። «ልጄ፣ የስንዱ ዶሮ ምን ይዘፈናል? ትንሽ ጨረቃ ብታገቢበት፣ ባሕር ብታገቢበት?» አልኳት።

«ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ እማዬ?»

«የት አይቼ!»

«እኔም አላየሁ። ዶሮዎቹን ግን አይቻለሁ።»

የመስሚያው ቀን ሲቃረብ ቀሚሷን አልነክርም አለች። ክርክራችን ይህን ይመስል ነበር።

«ጫፉን ብቻ እኮ ነው።»

«እኔ ከማዶ አልመጣሁም፤ ከወፍጮው ኋላ ነው የመጣሁት።»

«ማን ከማዶ መጣሁ በይ አለሽ? ዝም ብለሽ እርጠቢ።»

«ከወፍጮው ኋላ መምጣቴን እያወቁ እንዲሰሙኝ ነው የምፈልገው። ዘንድሮ ካልሰሙኝ፣ እማዬ፣ እውነቴን ነው የምነግርሽ፣ እሻገራለሁ። ለይምሰል አይደለም። እዚያው እቀራለሁ።»

ከእኩዮቿ የተሻገሩ አሉ። አንድ ሁለቱ ሲመለሱ ልብሳቸው ርሶ፣ አነጋገራቸው ተለውጦ በእልልታ ተቀብለናቸዋል። ሌሎቹ ግን ቀርተዋል። ከትርንጎ ሌላ ልጅ የለኝም። ስለዚህ መከራከሬን ትቼ ጸሎቴን ቀጠልኩ። እኔ ስጨነቅ አልጮህም፤ ቤት እጠርጋለሁ። የተጠረገ ቤት መልሼ ስጠርግ ትርንጎ አየችኝና ተነፈሰች።

«በቃ፣ ላንቺ ስል እነክራለሁ። በአፌ ግን ከማዶ መጣሁ አልልም» አለች።

«አትበይ። ማንም አይጠይቅሽም» አልኳት።

በመስሚያው ቀን ማለዳ ወርዳ ነከረች። ተመልሰን ጉብታው ሥር ስንደርስ ሰልፉ ከወፍጮው አልፎ ተጠማዟል። ያን ቀን ፀሐይዋ ደግሞ የተለየች ነበረች። ሊቀ እርጥብ ዳምጤ ካባቸውን ደርበው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ጥቂት ዘፋኝ ይመረምሩና ያርፋሉ፤ ጥቂት ይመረምሩና ይበላሉ። ሰልፍ ላይ የቆመው ሁሉ ጫፉ እየደረቀበት ነው።

የእኛን አገር ጉድ ለማየት እዚያ ሰልፍ ላይ መገኘት ነበረባችሁ። እናት ሁሉ ዣንጥላ ይዛለች። ዣንጥላው ግን ከልጅዋ ራስ በላይ አይደለም፤ አጎንብሳ እግሯ ሥር ነው የዘረጋችው፤ የቀሚሱን ጫፍ ፀሐይ እንዳይመታው። ዘፋኞቹ ራሳቸው እየተቃጠለ ቁርጭምጭሚታቸው በጥላ ውስጥ ይንደላቀቃል። ስንዱ በአጠገባችን ስታልፍ፣ «ዘርትሁን፣ ጎንበስ በዪ እንጂ! ከግራ በኩል እየደረቀባት ነው!» ብላ ትመክረኛለች። እኔም የበለጠ ጎንበስ እላለሁ። ወገቤ ተቆረጠ፤ ላቤ ከግንባሬ እየተንጠባጠበ በአፍንጫዬ ጫፍ ወርዶ ቀሚሷ ላይ ያርፋል።

«እማዬ፣ ተይው፤ ተነሺ» ትለኛለች ትርንጎ።

«ዝም በዪ፤ ድምፅሽን አታባክኚ።»

ተራችን ሲደርስ ቀሚሷ እንደ ብራና ደርቋል። ከአንድ ቦታ በቀር፤ እኔ አጎንብሼ ከቆምኩበት በኩል።

ቀማሹ ማን እንደሆነ አልነገርኳችሁም። ይልቃል ነው፤ ያ የሚስለው ጎረቤታችን። ትርንጎን በትከሻው ተሸክሞ ያሳደጋት ሰው ነው። ጨማቂው ጫፉን ጠመዘዘ፤ ምንም የለም። ዞሮ ሌላውን ጠመዘዘ፤ ጠብታ ወረደች። ይልቃል ጣቱን አስነክቶ ምላሱ ላይ አደረገ። ፊቱ ተለወጠ። እንደገና ነካ።

«ጨው አለው» አለ።

ሊቀ እርጥብ ዳምጤ ከወንበራቸው ተነሡ። «ምን አልክ?»

«ጨው አለው ጌታዬ። የወንዝ አይደለም። የጉድጓድም አይደለም።»

ሊቀ እርጥቡ ራሳቸው ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። «ጨው ያለው ውሃ» አሉ፣ «የባሕር ነው።» ከዚያ እጃቸውን ወደ ትርንጎ ዘርግተው፣ «ይቺ ልጅ ከማዶ ብቻ አይደለችም፤ ከባሕር ማዶ ናት!» አሉና ካባቸውን አውልቀው አለበሷት።

እኔ ላቤ መሆኑን ዐውቄያለሁ። አፌ ግን አልከፈት አለኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ይልቃልን በእጄ ጎተት አድርጌ በሹክሹክታ፣ «ይልቃል፣ ትርንጎ እኮ ናት» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ፣ «ግን ጨው አለው።»

እንግዲህ ምን ልበላችሁ። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ጉብታውን አዳረሰ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላት። ትርንጎ ጉብታው ላይ ወጥታ ክራሯን ከመቃኘቷ በፊት፣ «እኔ ትርንጎ ነኝ፤ የዘርትሁን ልጅ፤ ቤታችን ከወፍጮው ኋላ ነው» አለች። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከአጠገቤ አንዱ ሽማግሌ፣ «ቋንቋችንን እንዴት አቀላጥፋ ተናገረችው!» አለ። ሌላው፣ «የእኛንም ስም ይዛለች፤ ለክብራችን ስትል ነው» አለ።

ዘፈነች። ጉንፋን ያልነካው ድምፅ ነበር፤ ጥሬ ነው ያለ አልነበረም። ዶሮዎቹ ጋ ስትደርስ ስንዱ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ምስኪን ሴትዮ» አለችኝ። «እዚያ ባሕር ዳር ከዶሮ በቀር የምታናግረው ማንም የላት ይሆናል። እዚህ ብትሆን እኔ እጎበኛት ነበር።» ቦይዋ ጋ ስትደርስ ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፤ እንዲህ ያለች ቦይ እንኳ ያላት አገር እንዴት ያለች ውብ አገር ናት እያለ። አልቅሰው ሲያበቁ ይልቃል እስከ ጉብታው ጫፍ ወጣና ባርኔጣውን አውልቆ ጠየቃት፤ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለየ፣ ለሰው አገር ሰው እንደሚነገረው።

«እመቤቴ፣ ያ፣ በአገርዎ፣ ከአጥር ጥግ፣ የሚስለው ሰውዬ፣ ደኅና ነው?»

ትርንጎ ትክ ብላ አየችው። «ደኅና ነው ጋሼ ይልቃል» አለችው። «ግን ከጊዜ ወዲህ ዓይኑ ደክሟል መሰለኝ።»

«ማረው አምላኬ» አለና አማተበ።

ልዋሽ አልችልም፤ እኔም ያን ጊዜ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር። የባሕር ማዶዋ እናት ነኝ አይደል? ቤት ስንገባ ለእራት የተለየ ነገር ልሥራ ብዬ ተፍ ተፍ አልኩ። ወጡን አቅርቤላት ምን ብዬ ብጠይቃት ጥሩ ነው? «ቃሪያው ይስማማሻል?» አልኳት። በገዛ እጄ ቃሪያ አጉርሼ ያሳደግኳትን ልጅ! ትርንጎ የጠቀለለችውን እንጀራ አስቀምጣ እስኪያስላት ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ስቀን ስናበቃ ግን ሊቀ እርጥቡ ከጉብታው ስንወርድ የነገሩን ነገር ትዝ አለን።

ሊቀ እርጥቡ ያሉት ይህን ነው። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ዘፍኖ ካበቃ በማግስቱ ማለዳ በከበሮና በጥላ እስከ ወንዙ ይሸኛል። ማደር እንጂ መክረም አይፈቀድለትም። ለምን ብላ ትርንጎ ብትጠይቅ፣ «እንግዳ ከከረመ ጎረቤት ይሆናል። የጎረቤትን ዘፈን ደግሞ ማን ይሰማል?» አሏት። ሲናገሩ ምንም ክፋት አልነበረባቸውም። ሕጉን ነው የነገሯት፤ ሕጉ ደግሞ፣ ብታስቡት፣ እኛን አሳምሮ ያውቀናል።

«ካልሰሙኝ እሻገራለሁ ብዬሽ ነበር» አለች ትርንጎ። «አሁን ሰምተውኝ ልሻገር ነው።»

«አልሄድም ብትያቸውስ?»

«አልኳቸው። አለቀሱ። ‹አገራችንን እንዴት ብትወደው ነው!› አሉ። እኔ ምንም ብናገር እንግዳ የተናገረው ነው የሚሆነው። ብሄድ ዘፈኑ ይቀራል፤ የባሕር ማዶ ዘፈን ተብሎ። ብቀር ደግሞ ቀሚሷ ደረቅ ነበር ይሉና ይሰርዙታል።»

«ልብሽ የቱን ይላል?»

«እማዬ፣ እኔ እኮ የዘፈንኩት ቤቴን ነው» አለች። ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች፤ ያጣጠፈችውን ትፈታና እንደገና ታጣጥፋለች። እኔ የእራቱን ድስት እንኳ ሳላነሳ ወደ ጸሎቴ ገባሁ። ለፈጣሪ የምናገረው ብዙ አልነበረኝም። ልጄን አትውሰድብኝ ብቻ ነው ያልኩት፤ እሱንም ስል አፈርኩ፤ ምክንያቱም የሚወስዳት እሱ አልነበረም፤ እኛ ነን።

በማግስቱ ማለዳ ከበሮው ከሩቅ ተሰማ። በር ስከፍት ሸኚው መንገዱን ሞልቶታል። ሊቀ እርጥብ ዳምጤ ከፊት፣ ጨማቂው ትልቁን የክብር ጥላ ይዞ ከኋላቸው፣ ይልቃል የስንቅ አገልግል ተሸክሞ፤ ስንዱ ከባሏ እህቶች ጋር ነጭ በነጭ ለብሳ። ወፍጮ ቤቱን የሚጠብቀው ሰውዬ እንኳ ወፍጮውን አቁሞ መጥቷል። ቦይዋ ጋ ሲደርሱ አንድ በአንድ ዘለሉ። እፎይ አሉ። አንዳቸውም ልብ አላሉም።

ትርንጎ ካባውን ለብሳ፣ ዕቃዋን ይዛ ወጣች። ጥላው ከላይዋ ተዘረጋ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሳትሰናበተኝ መሄድ ስላልቻለች ዞር ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ደፍርሷል።

እኔ በሕይወቴ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ሰፈሩ ዝምተኛ ነች ይለኛል። ያን ጠዋት ከየት እንደመጣልኝ ፈጣሪ ይወቀው፤ ወደ ውስጥ ተመልሼ የእራቱን ድስት አንሥቼ ወጣሁና በሩ ላይ ቆሜ ጮህኩ።

«አንቺ ትርንጎ!»

ከበሮው ቆመ።

«ድስቱን ሳታጥቢ ነው የምትወጪው? ወጡ ደርቆበት ማን እንዲፈትገው ነው? አልጋሽስ? ብርድ ልብሱን መሬት ጥለሽ! ሰው ያሳደገሽ አይመስልም!»

ሊቀ እርጥቡ ደንግጠው፣ «ወይዘሮ ዘርትሁን፣ እንግዳ እኮ ናቸው፤ እንግዳ እንዲህ አይ…» ሲሉ አላስጨረስኳቸውም። ጌታዬ ይቅር ይበሉኝ፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን እጅ ነሥቼ ነበር የምሰማቸው።

«ደግሞ አንቺ ልጅ!» አልኩ። «ስንዱን ከነዶሮዎቿ አገር ፊት ዘፍነሽባት ይቅርታ ሳትጠይቂ ወዴት ነው የምትሄጂው? ይልቃልስ በሳሉ ያስቸገረሽ ጊዜ አለ? ሰውዬውን እኮ የአገር መሳለቂያ ነው ያደረግሽው! ነይ ግቢ!»

የሰው አገር ሰውን እንዲህ የሚቆጣ የለም። እንዲህ የሚቆጡት የራስን ልጅ ነው፤ ያንን ደግሞ በእኛ አገር የማያውቅ የለም፤ ሁላችንም እንዲሁ እየተቆጡን ነው ያደግነው። ሁሉም ወደ ትርንጎ ዞረ።

ትርንጎ ካባውን ከትከሻዋ አወረደች። አጣጥፋ ለጨማቂው ሰጠችው።

«እሺ እማዬ» አለች።

መጀመሪያ የነቃችው ስንዱ ናት። «ቆይ፣ ቆይ፣ ማን? ያቺ ዶሮ የምትጠራው ምስኪን ሴትዮ እኔ ነኝ እንዴ?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው?» አልኳት።

«ትናንት ያለቀስኩት ለራሴ ነው በያ!» አለችና መሳቅ ጀመረች። ሳቋን ሳትጨርስ ከባሏ እህቶች ታላቅየዋ ነጠላዋን ሰብስባ መጣች። «ቆይ ስንዱ፣ ያቺ በክፉ ድምፅ የምትጠሪያት ዶሮ ስሟ ማን ነበር? ዘፈኑ ላይ የኔን ስም የሰማሁ መስሎኛል።»

«ኧረ እመቤት፣ ሌላ ዶሮ ናት…»

«የትኛዋ ዶሮ? አምጪና አሳዪኝ!»

ይልቃል አገልግሉን መሬት አስቀምጦ ጉሮሮውን በእጁ ይዞ ቆሟል። «ትርንጎ» አለ፤ ቃላቱን ሳይለይ፣ እንደ ድሮው። «ያ ሰውዬ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት ጋሼ።»

«ሳሌ የጠፋ ለት ሰፈሩ ይጨነቃል ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

መልስ ሊሰጣት አፉን ከፍቶ ሳለ ወፍጮ ጠባቂው በመካከል ገባ። «የኔ ወፍጮስ? ቦይዋ ከወፍጮው ሥር ናት፤ ቦይዋን ዘፍነሽ ወፍጮውን መዝለል ምን የሚሉት ነው? ቀኑን ሙሉ ሲንጓጓ አትሰሚውም?» ከኋላው ደግሞ ሌላ፣ «የኔ አህያ ጠዋት ጠዋት…» እያለ ተጠጋ። መንገዱ ገበያ ሆነ። ማን ዘፈኑ ውስጥ አለ፣ ማን የለም፣ ለምን የለም፤ ማን በሚገባው ልክ አልተዘፈነም። ስንዱና የባሏ እህት ስለ ዶሮዋ እየተሟገቱ፣ ስንኙ እንዴት ነበር ብለው ሁለቱም በአንድ ላይ ዘፈኑት፤ ቅኝቱን አበላሽተው። ትርንጎ አስተካከለችላቸው።

ሊቀ እርጥብ ዳምጤ ካባቸውን መልሰው ደረቡ። መቆሚያ ቢያጡ የስንቁ አገልግል ላይ ቆሙና ዐወጁ። «ልጅቱ ከባሕር ማዶ እንዳልመጣች ተረጋግጧል። ቀሚሷም ደረቅ ነበር። ስለዚህ በሕጉ መሠረት ትናንት የሰማችሁትን አልሰማችሁም! ሁሉም ያልሰማ ይሁን!»

ይህን ዐዋጅ ከእኔ በቀር የሰማ አልነበረም። ሁሉም ስለ ዘፈኑ ይጨቃጨቅ ነበር። እኔም አዘንኩላቸውና፣ «ይውረዱ ጌታዬ፣ ይወድቃሉ» ብዬ እጄን ሰጥቼ አወረድኳቸው። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞሬ አመድ ዘግኜ መጣሁ፤ ትርንጎ እጅጌዋን ሰብስባ ድስቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩና አብረን መፈተግ ጀመርን።